ስልኩ የተዘጋበት ምርጫ

በዚያ ጥር የጓደኛዬ መኪና ብርዱን አልቻለውም። ጠዋት ቁልፉን ስታዞረው እንደታመመ ሰው ትንሽ አቃስቶ ዝም ይል ነበር። ስለዚህ ወደ ሥራ ይዣት የምሄደው እኔ ነበርኩ። የምንኖረው ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ። የምንሠራው ደግሞ ኒው ሆፕ የምትባል ጎረቤት ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ። እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናጎርሳለን፣ አልጋ እናነጥፋለን። ሁለታችንም ሃምሳን ተሻግረናል። ከወንበር ስንነሳ ጉልበታችንን ይዘን ነው።

እሷ የኛ አገር ሰው አይደለችም። አገሯ ከኛ ወደ ደቡብ ነው፤ ዘመዶቿ አሁንም እዚያው ስላሉ ስሙን አልጽፈውም። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የኔ ባማርኛ የተለወሰ፣ የሷ በራሷ ቋንቋ ዜማ የሚሄድ። ፈረንጆቹ ሁለታችንንም ደግመን እንድንናገር ይጠይቁናል፤ እኛ ግን አንዳችን ሌላችንን ደግመሽ በይው ብለን አናውቅም። እሷ «ሲስተር» ትለኛለች፣ እኔም «ሲስተር» እላታለሁ። ሥራ ላይ የጀመርነው ነው፤ በዚያው ለመድነው።

አንድ ጠዋት ሃይዌይ ከመግባታችን በፊት፣ መስታወቱ ላይ ያለው ውርጭ እስኪቀልጥ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ «ሐሙስ አገሬ ምርጫ አለ» አለችኝ።

«ማን የሚያሸንፍ ይመስልሻል?» አልኳት። ለመጫወት ያህል ነበር።

ዞራ አየችኝ። «ትምህርት ቤት ስገባ እሱ ነበር። ስጨርስም እሱ ነበር። ሳገባ እሱ፣ ስፈታ እሱ፣ አሜሪካ ስመጣም ኤርፖርቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሸኘኝ እሱ ነው። አሁን እኔ ሽበት አውጥቻለሁ፣ እሱ ግን ፎቶው ላይ አንድም አላወጣም።»

ሳቅን። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ታናሽ ወንድሟ በተማሪነቱ ሰልፍ ወጥቶ ታስሮ ነበር። ከወጣ በኋላ አካሉ ደኅና ሆነ፤ ሰው መሆን ግን አቃተው። ሰው ሲያንኳኳ ከጓሮ በር የሚወጣ፣ ሥራ ይዞ የማይሰነብት፣ ሌሊት መብራት የማያጠፋ ሆኖ ቀረ። እሷ ለዚህ ሁሉ ፕሬዚዳንቱን ትጠይቃለች። እናቷ ግን ልጇ ከታሰረ በኋላም ምርጫ በመጣ ቁጥር ፕሬዚዳንቱን ትመርጣለች። እናትና ልጅ ያጣላቸው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

እናቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ፎቶዋን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ካሜራውን እንደ ተከራካሪ ደንበኛ የምታይ ሴትዮ። «ከሱ በፊት ልጆቼን ይዤ ጫካ ነበር የማድረው» ትላታለች። «እሱ ከመጣ ወዲህ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። አንድ ልጄ ታሰረ፤ ሌሎቻችሁ ግን አላችሁ። አንቺ ያየሽው አንዱን ዘመን ነው፤ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ።» ጓደኛዬ ይህን በእናቷ ድምፅ ስትነግረኝ ትናደዳለች። እኔ ግን በልቤ ሴትዮዋ የምትለው ይገባኝ ነበር። የልጅቷም ይገባኛል። ምን ላድርግ? የኔም ቤት እንዲህ ዓይነት ክርክር አያጣም።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ሆና እናቷ ጋ ደወለች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ጠብ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል። የአሮጊቷ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይመጣል፤ የልጅቷ ይሮጣል። በመጨረሻ ጓደኛዬ አንድ ነገር ተናግራ ዘጋችው።

«ምን አለችሽ?»

«ነገ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እሰለፋለሁ አለች። ምን ያደርግልሻል፣ እነሱ እንደሆነ ቆጥረው ጨርሰዋል አልኳት። ‹ቢሆንስ? የኔን እኔ ካልሰጠሁ ማን ይሰጥልኛል?› አለችኝ። ሞኝ ነሽ አልኳት፤ ዘጋሁባት።»

«መልሰሽ ደውዪላት።»

«ከሥራ ስወጣ» አለች።

ከሥራ ስንወጣ ስልኩ አልሠራም። መጀመሪያ የኛ ኔትወርክ መስሎን ከፓርኪንጉ ወጥተን መንገድ ዳር ቆመን ሞከረች። ከዚያ በኔ ስልክ ሞከርን። ኢንተርኔቱም ዝም። እዚሁ አሜሪካ ሌላ ከተማ ያለች የአገሯን ልጅ ስትጠይቃት «ዘግተውታል፤ እስከ ምርጫው ማግስት እንዲህ ነው አሉ» አለቻት።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። የኛም አገር ሰው ያውቀዋል። እህቴ ያለችበት ከተማ አንድ ሰሞን እንዲሁ ከዓለም ጠፍቶ ነበር። ሰው ሲሞትብሽ ታለቅሻለሽ፤ ሲታመም ትጸልያለሽ፤ ስልክ ሲዘጋ ግን የምትሠሪው ነገር የለም። ደጋግመሽ ትደውያለሽ፣ ያቺ ሴትዮም በተቀዳ ድምፅ በትሕትና ትመልስልሻለች። ሥራ ትሄጃለሽ፣ ቢል ትከፍያለሽ፣ በረዶ ትጠርጊያለሽ፤ ከዚያ መልሰሽ ትደውያለሽ። ለጓደኛዬ «አይዞሽ» አልኳት።

ቅዳሜ ውጤቱ ተነገረ። እሑድም ቅዳሜም የምንሠራበት ሳምንት ነበርና ዜናውን የሰማነው ሥራ ላይ፣ አንድ የቀድሞ የባቡር መካኒክ ሽማግሌ ክፍል ውስጥ ነው። የሰውየው ቴሌቪዥን ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ካልሲ አደርግላቸዋለሁ፣ እሷ ቁርስ ይዛ ገባች። ከአየር ሁኔታው በኋላ፣ ከእግር ኳሱ በፊት፣ ረጅም ሰልፍ፣ የጭነት መኪና ላይ የተቀመጡ ወታደሮች፣ ከዚያ እጁን የሚያውለበልብ አንድ ሽማግሌ ታየ። ፕሬዚዳንቱ እንደገና አሸነፉ ተባለ። ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ወዲያው ማስታወቂያ ገባ።

«ማን አሸነፈ?» አሉ መካኒኩ። ነገር ይረሳሉ፤ የሚጠይቁት ግን ከልባቸው ነው።

«የነበረው» አለች።

«ጥሩ ሰው ነው?»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እንቁላሉን መቆራረጥ ጀመረች። «እናቴ ጥሩ ነው ትላለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደክሞኛል» አለቻቸው።

«እኔም» አሉና አፋቸውን ለማንኪያው ከፈቱ።

ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘራችን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ደግ ሴት ናት፤ የየአንዳንዳችንን አገር ዜና ፈልጋ የምታነብ። ፊቷ በርቶ «ፕሬዚዳንትሽ አሸነፉ አሉ! እንኳን ደስ አለሽ!» አለቻት። ጓደኛዬም «አመሰግናለሁ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል? አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብተን በሩን ስንዘጋ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። እንባችን እስኪወርድ፣ እሷ የፎጣ ክምር ላይ እስክትቀመጥ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ አለቀና ፎጣዎቹን መልሰን አጣጠፍን።

«አሁን አሸንፏል፤ ይከፍቱታል» አለችኝ። «ሰኞ ወይ ማክሰኞ።»

ሰኞ ሆነ። ሥራ ላይ ስልካችንን ሎከር ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው። ምሳ ሰዓት ላይ የኔን ሳወጣ ከማላውቀው አገር ብዙ ጊዜ ተደውሎልኛል። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት የመመገቢያ አዳራሽ ተራዋ ነበር፤ ስልኳ ሎከሯ ውስጥ ነው። ቁጥሬን ለቤተሰቦቿ እንደሰጠቻቸው አውቃለሁ፤ «እኔን ካጣችሁኝ እሷን» ብላ። ወደ መኪናዬ ወጣሁና ሞተሩን አስነስቼ መልሼ ደወልኩ።

ያነሱት የእናቷ ወንድም ናቸው። ከኋላቸው የአውቶቡስ ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል። «ድንበር ተሻግሬ ነው የምደውለው» አሉኝ። «እኛ ጋ አሁንም ዝግ ነው። አንቺ ነሽ አብረሻት የምትሠሪው?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«አጠገብሽ ናት?»

«ሥራ ላይ ናት። ልጥራት?»

«አትጥሪያት» አሉ። «እህቴ ዐርፋለች፤ እናቷ። በምርጫው ቀን።»

ነገሩን በቅደም ተከተል ነገሩኝ፤ መንገዱን ሁሉ ሲለማመዱት የመጡ ይመስል ነበር። ሴትዮዋ እንዳለችው ጎህ ሲቀድ ወጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም በረታ። ተራዋ ደርሶ ገባች፣ መረጠች፣ ወጣች። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ውኃ ጠየቀች። ውኃው ሳይደርስ ሄደች። «ልጇን ሳንጠይቅ መቅበር ነውር ነው» አሉ። «ስልኩ ይከፈታል ብለን ጠበቅን። ሬሳ ግን አይጠብቅም። ቅዳሜ ቀበርናት፤ እኔም ዛሬ አውቶቡስ አገኘሁ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ ባማርኛ። በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለሷም ደውዬ ነበር፤ አላነሳችም። አለማንሳቷን ሳይ ደግሞ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ብቻዋን ቆማ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ ንገሪልኝ። ከዚያ ትደውልልኝ፤ እስክትደውል ከዚህ አልነቃነቅም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ማሞቂያው ይነፍሳል፣ እኔ ግን ይበርደኛል። መርዶ ብዙ ጊዜ አጅቤ ሄጃለሁ። ብቻዬን ተሸክሜ ግን አላውቅም። መርዶ በኛ ዘንድ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ በር ያንኳኳል፣ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ የወደቀውን ይይዛል። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ የዕድራችንን ሴቶች ለሚያስተባብሩት ትልቅ ሴት ደወልኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው» ብዬ ነገርኳቸው።

«መርዶማ ሥራ ቦታ አይነገርም፣ ልጄ» አሉ። «ዝም በይ። ቤት አስገቢያት፣ እህል ቅመሺ በያት፣ ትተኛ። ሊነጋ ሲል እኛ እንመጣለን።»

«እሷ እኮ የኛ አገር ሰው አይደለችም።»

«እናት የላትም እንዴ?» አሉኝ። «ነበራት። በቃ።»

ሆኖም ልቤ አልረጋም። ሴት ልጄ ኮሌጅ ናት፤ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች። ላናግራት ፈልጌ ደወልኩላት። እኔ ባማርኛ ጠየቅሁ፣ እሷ እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። «ማሚ፣ እናቷ እኮ ናት። ይኼ የሷ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። እስከ ነገ ጠዋት መደበቅ አትችዪም። አሁን ንገሪያት።»

አንዷ ሊነጋ ሲል ትላለች፣ አንዷ አሁን ትላለች። የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ገባሁ።

ጓደኛዬ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ታጎርሳለች። እንደሷ የሚያጎርስ ሰው አላየሁም፤ ማንኪያውን ወደ አፍ ከማቅረቧ በፊት የታችኛውን ከንፈር በማንኪያው ጫፍ ነካ ታደርጋለች፣ አሮጊቷ እንዳትደነግጥ። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሥራ የሌላት ትመስላለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እዚህ ብነግራት ይህን ማንኪያ የት ታስቀምጣለች? የሰው እናት እያጎረሰች የሷ እናት መሞቷን ልትሰማ? አይሆንም አልኩ። ነገ ድረስም አይሆንም። አጎቷ በሰው አገር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆመው እየጠበቁ ናቸው። ቤት እንደገባን እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩና ስልኬን መልሼ ከመቆለፌ በፊት ለእትዬ «ሊነጋ ሲል ሳይሆን ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ እቤቴ ይምጡልኝ» የሚል መልእክት ላኩ። ለልጄም ቀድማ መጥታ ቤቱን እንድትከፍትላቸው ጻፍኩላት።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ አልጋ ስናነጥፍ።

«ራሴን አሞኛል።»

«የኔን ጫፍ ተዪው፣ እኔ አደርገዋለሁ» አለችና በኔ በኩል ያለውንም አንሶላ ወጥራ አስገባችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ፣ በረዶው መሬት ለመሬት እየተነዳ ነበር። እሷ ስልኳን አውጥታ «ኦ፣ አጎቴ ደውሎልኛል!» አለች። «የማላውቀው ቁጥር ነው፤ መልእክት ትቷል፣ ‹እኔ ነኝ፣ ቤት ስትገቢ ደውዪ› ይላል። ኔትወርኩ ተከፍቷል ማለት ነው!» ደስ አላት። «እቤት ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ተረጋግቼ ነው ለእማዬ የምደውለው። እንኳን ደስ አለሽ ሰውዬሽ አሸነፈ እላታለሁ። ትስቅብኛለች። ከሳቀች ታርቀናል ማለት ነው።»

መሪውን ይዤ ከፊቴ ያለውን የመኪና ቀይ መብራት ብቻ አየሁ። እሷም ራስ ምታቴን አስባ ማሞቂያውን ከፍ አደረገችልኝ።

ሊፍቱ ውስጥ ስንገባ ሁልጊዜ ሁለተኛውንም አራተኛውንም የምጫነው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ሁለተኛውን ብቻ ተጫንኩ። እሷ እጇን ወደ አራተኛው ስትዘረጋ «እኔ ጋ ግቢ» አልኳት።

«ለምን?»

«ምግብ አለኝ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ቅመሺ።»

እጇ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ዞራ ፊቴን አየችው። በሩ ተከፈተ፤ ከኮሪደሩ የሰው ወጥ ሽታ ገባ። ሁለታችንም አልወጣንም።

«እኛም አገር እንዲህ ነው የሚሉት» አለችኝ። «‹መጀመሪያ ብዪ› ይላሉ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ማን ነው?»

ለመርዶ የሚነገረውን ቃል ሁሉ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሳዘጋጅ ውዬ ነበር። አንዱም አልመጣም። «እናትሽ» አልኳት።

የሊፍቱ በር ሊዘጋ ሲል በእግሬ ያዝኩት። አላለቀሰችም። ክንዴን ይዛ ወጣችና እንደማታውቀው ቤት በሬ ላይ ቆመች። ስገባ እትዬ ደርሰው ሶፋው ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ልጄም ከኮሌጅ መጥታ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ጓደኛዬ እነሱን ስታይ ነው ነገሩ እውነት መሆኑ የገባት መሰለኝ። ከበረዶ ጫማዋ አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ አለቀሰች። እትዬ አጠገቧ ወርደው ባማርኛ «አልቅሺ ልጄ፣ እናት ናት» ይሏታል። አንዲት ቃል አልገባትም፤ ራሷን ግን ጭናቸው ላይ አስደገፈች።

በኋላ ፊቷን ታጥባ ለአጎቷ ደወለች። እንዳሉትም መናኸሪያው ውስጥ ነበሩ። ረጅም ጊዜ አወሩ። ስትጨርስ ነገረችኝ። እናቷን ሲያጥቧት የምርጫው ቀለም ከጣቷ አልለቅ ብሎ አብሯት መቃብር ገባ። «ማንን መረጠች ብዬ ጠየቅሁት» አለች። «‹ማን ያውቃል፣ ብቻዋን ነው የገባችው› አለኝ። እኔ ግን አውቃታለሁ። እሱን ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞራ «አንቺ መቼ ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምሳ ሰዓት።»

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «ይህን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ?» አለችና እጄን ያዘችው።

በማግስቱ ልቅሶው እሷ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ሆነ። የኛ ሴቶች ምስርና ዳቦ ይዘው መጡ፤ የሷ አገር ሰዎችም መጡ። ሥራ ቦታ ፈቃድ ያገኘ በቀን፣ ያላገኘ የሺፍት ልብሱን እንደለበሰ። መጀመሪያ ላይ ያልገባኝ ነገር የአገሯ ሰዎች በሁለት ወገን መቀመጣቸው ነበር፤ መስኮቱ ጋ ያሉት በሩ ጋ ካሉት አይነጋገሩም። ለካ አንዱ ወገን የፕሬዚዳንቱ ደጋፊ ነው፣ ሌላው ተቃዋሚ። በዚያው ቀን ኔትወርኩ እነሱ አገር ተከፈተና የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ቪዲዮ ይመጣል፣ ወሬ ይመጣል። በሩ ጋ የተቀመጠ የታክሲ ሾፌር ከስልኩ ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። መስኮቱ ጋ ያለች ነርስ መለሰችለት። ቋንቋውን ትተው በእንግሊዝኛ ሲቀጥሉ እኔም ሰማሁ።

«ሰርቀውናል! በጠራራ ፀሐይ!»

«ሕዝቡ ነው የመረጠው። ስትሸነፉ ሁልጊዜ ሰረቁን ነው።»

«ሕዝብ? የትኛው ሕዝብ? አፉ የተዘጋው?»

ድምፅ እየጨመረ ሄደ። የኛ ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ ደነገጡ። ጓደኛዬ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ስትነሳ አንድ ሰው ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ አልያዘችውም።

«እናቴ እሱን ነው የመረጠችው» አለች። «ልጇን ያሰረባትን ሰው። ፀሐይ ላይ ቆማ መረጠችው፤ ወጥታ ሞተች። እኔ ደግሞ ሞኝ ነሽ ብዬ ስልክ ዘግቼባታለሁ። እናንተ ከኔ በላይ የምትጣሉበት ምን አላችሁ? ወይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ወይ በሩ ያውና።»

የታክሲ ሾፌሩ ተነስቶ ካፖርቱን ለበሰ። በሩን ከፈተ። እዚያው ጥቂት ቆመና ዘጋው፤ ተመልሶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ እንዲሁ ካፖርቱን ለብሶ፣ ግንባሩ ላብ አቸፍችፎ ዋለ። ነርሷም ወደ መስኮቱ ዞራ በረዶውን ስታይ ቆየች። እትዬ ከጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አለቻቸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጎበዝ» አሉ፤ ከዚያ ለሾፌሩም ለነርሷም እኩል ሳህን ላኩላቸው።

ጓደኛዬ ብዙ ሳትቆይ ወደ ሥራ ተመለሰች። የምትሄድበት መቃብር እንጂ የምትደርስበት ቀብር አልነበረም፤ ስለዚህ አልቸኮለችም። ፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እኛ የአንድ ሰው ጀርባ እያጠብን ነበር። ወንድሟ ከእናታቸው ሞት ወዲህ ጨርቁን ገበያ ወስዶ እየዘረጋ መሆኑን ሰማች። መሸጥ አይችልም፤ ዋጋ ሲከራከሩት ይሰጣል። ግን ይዘረጋል፣ ማታ ያጥፋል። «የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ በፊት ለፊት በር ይወጣል?» ብላ አጎቷን ጠየቀች። «አንዳንዴ» አሏት።

በረዶው ከቀለጠ በኋላ ፈቃድ ወስዳ ሄደች። ስትመለስ ከኤርፖርት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ፊቷ ከስቷል፣ በፀሐይም ጠቁሯል። ሻንጣዋን ጭነን ከኤርፖርቱ ወጣን። በየመንገዱ ዳር የኛ አገር፣ ማለቴ የዚህ አገር፣ የምርጫ ሰሌዳዎች በየሣሩ ላይ መተከል ጀምረዋል። አየቻቸውና ዓይኗን ጨፈነች።

«የገበያውን ሴቶች አገኘኋቸው» አለችኝ እንደዚያው ጨፍና። «ሰልፉ ላይ አብረዋት የነበሩትን። እንዴት እንደነበረች ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ስታስቃቸው ነበር አሉ። ጠዋት የመጣችው ከሁሉም ቀድማ ነው። ከዚያ ነፍሰ ጡር መጣች፤ ተራዋን ለቀቀችላት። ከዚያ ልጅ ያዘለች መጣች፤ ለሷም። ከዚያ በክራንች የሚሄድ ሰውዬ። እንዲህ እንዲህ እያለች ከሰልፉ ፊት ወደ መሐል ደረሰች። ለዚህ ነው ፀሐይ ያገኛት።» ዓይኗን ገለጠች። «ተራዋን ባትሰጥ ኖሮ በጠዋቱ መርጣ ቤቷ ትገባ ነበር፣ ሲስተር። ትተርፍ ነበር?»

ምን ልበላት? ትተርፍ ነበር ብል የሰውየውን ክራንች እረግማለሁ። አትተርፍም ብል የማላውቀውን አውቃለሁ እላለሁ።

«ጨርቅ ስትሸጥስ እንዲህ ነበረች?» አልኳት።

አሰበች። «ነበረች። ገንዘብ ላጠረው ሰው ትጨምርለት ነበር። እንጨቃጨቅ ነበር፣ በዚህም።» ትንሽ ፈገግ አለች፤ ከዚያ መቀመጫውን ወደኋላ አስተኝታ ጃኬቷን ፊቷ ላይ ጣለችው። እኔም ሬዲዮኑን ሳልከፍት፣ መኪናውን ቀስ ብዬ፣ በቀኝ መሥመር ነዳሁ። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።